ማዕበሉ ያወጣው፣ ማዕበሉ ያስቀረው

ወንድማችን ነገር ያበዛ ነበር። ከጅቡቲ የሚልክልን ካሴት ሁሉ በሰላምታ ይጀምርና በሱሪ ያልቃል። «ጂንስ ይሁን፤ ሰማያዊ ሆኖ ፈዘዝ ያለ፣ ከታች የማይሰፋ» ይላል። በሚቀጥለው ካሴት ጫማ ይጨምራል፣ ከዚያ የፀሐይ መነጽር። እኔ ከሥራ ገብቼ ያበጠ እግሬን እያሸሁ ስሰማው ደሜ ይፈላል። «ይሄ ዱርዬ፣ ስደት ላይ ተቀምጦ ቀለም ይመርጣል? ምነው፣ ሙሽራ ነው?» እላለሁ። እትዬ እየሳቀች ካሴቱን ወደ ኋላ ትመልሰዋለች። የሱንም ድምፅ የኔንም ስድብ እኩል ትወዳቸው ነበር።

እትዬ የምላት ታላቅ እህቴን ነው። እናታችን ከሞተች በኋላ እኔንም ወንድማችንንም ያሳደገችን እሷ ናት። ጊዜው ሰማንያዎቹ አጋማሽ ላይ ነው፣ በፈረንጅ አቆጣጠር። እኔና እሷ በሱዳን በኩል አትላንታ ገብተን ስቶን ማውንቴን አካባቢ አንድ አፓርትመንት ተከራይተናል። እኔ መሀል ከተማ ያለ ሆቴል ውስጥ ክፍል አጸዳለሁ፤ እሷ ስማይርና የምትባል ጎረቤት ከተማ ሄዳ አንዲት አሮጊት ትጠብቃለች። ወንድማችን በሌላ አቅጣጫ ወጥቶ ጅቡቲ ቀረ። እሱን ለማስመጣት የጀመርነው ነገር መልስ አጥቶ ተንጠልጥሏል። ያን ጊዜ ስልክ ውድ ነው፣ ደብዳቤ ደግሞ ለእሱ አይሆንም፤ መጻፍ ይጠላል። ስለዚህ በካሴት ላይ እያወራ በሰው እጅ ይልክልን ነበር።

እትዬ ከልጅነቷ ጀምሮ አንገቷ ላይ እንቅርት ነበራት። አገር ቤት እያለን ማንም ጉዳዬ አላለውም። አትላንታ ከመጣን በኋላ ግን አደገና መተንፈስ ከለከላት፤ ሐኪሞቹም መውጣት አለበት አሉ። ኦፕሬሽን ተደርጋ ስትነቃ ድምፅ አልነበራትም። ሐኪሙ የድምፅ ጅማቷ መነካቱን ነገረኝና ተረጎምኩላት፤ ሲውል ሲያድር ሊመለስ ይችላል፣ ላይመለስም ይችላል፣ እስከዚያ መጮህ ክልክል ነው። ከዚያ ቀን ጀምሮ የእትዬ ንግግር ሹክሹክታ ሆነ። ማታ ኩሽና ቆሜ ከጀርባዬ ስትጠራኝ ጆሮዬ ውስጥ የገባች ይመስለኝና እደነግጥ ነበር።

እሷ ሆስፒታል እያለች ነው እኔን መርዶ የነገሩኝ። የነገሩኝ ጋሼ ናቸው። ጋሼ የኛው ግቢ ነዋሪ፣ ታክሲ ነጂ፣ የቤተ ክርስቲያናችንም ሽማግሌ ናቸው፤ የሰፈሩ ሰው ሁሉ ጋሼ ነው የሚላቸው። ከቅዳሴ በኋላ ፓርኪንግ ሎቱ ላይ መኪናቸው ውስጥ አስገቡኝና መሪውን በሁለት እጃቸው ይዘው፣ እኔን ሳያዩ ነገሩኝ። ወንድማችን መጠበቁ ሰልችቶት ወደ የመን ለመሻገር ጀልባ ተሳፍሯል። መሀል ባሕር ላይ ማዕበል መጣ። ጀልባዋ ተገለበጠች። ከሰዎቹ አንዳንዶቹን ባሕሩ ዳር አውጥቷቸው ተቀብረዋል፤ ወንድማችን ግን አልወጣም። አብሮት የነበረ የሰፈራችን ልጅ እንጨት ይዞ ሲተርፍ፣ እሱ ሲሰምጥ በዓይኑ አይቷል። ጅቡቲ ተመልሶ ለጋሼ የደወለውም ያ ልጅ ነው።

«እትዬስ?» አልኳቸው።

«ቆይ እስቲ፣ ልጄ። አንገቷ ይዳን። ይሄ እኮ የልቅሶ ነገር ነው፤ ልቅሶ ደግሞ በጉሮሮ ነው። ዛሬ ብንነግራት ያ ስፌት ምን ይሆናል?»

እኛ ዘንድ መርዶ እንደ ወሬ አይነገርም። ለኀዘንተኛው የሚቀርቡ ሰዎች አስቀድመው ይሰማሉ፣ ይመካከራሉ፣ ሰውየው የታመመ እንደሆነ ወይም ሴትየዋ ያረገዘች እንደሆነ ወር ሁለት ወር ይደብቃሉ። ቀኑ ሲቆረጥ ጎህ ሳይቀድ አንድ ቤት ይሰባሰቡና ነጠላቸውን አዘቅዝቀው ለብሰው፣ ዝም ብለው ይመጣሉ። በማለዳ በሩን ከፍተህ ያን ሁሉ ሰው ቆሞ ካየህ ማንም አፉን ሳይከፍት ገብቶሃል። አሜሪካም መጥተን ይህን አልተውንም። እንዲያውም ጎረቤታችን የሆነች ሴት ልደቷን ሊያከብሩላት ጓደኞቿ ከሥራ በፊት ኬክ ይዘው ቢያንኳኩ፣ በሩን ከፍታ ስታያቸው እሪ ብላ መሬት ላይ ወድቃለች። ኬኩ እዚያው በር ላይ ቀረ።

ጋሼና የቤተ ክርስቲያኑ ሽማግሌዎች እንግዲህ ሐኪሙ «ድናለች» እስኪል ይቆይ ብለው ወሰኑ። እስከዚያ እኔ እንድችለው ነው። ቻልኩት። ለማልቀስ አልደፈርኩም፤ ሆቴል ውስጥ ብቻዬን ቫኪዩም ሳደርግ እንኳ፣ ማንም በማይሰማኝ ሰዓት፣ ጥርሴን ነክሼ ዝም አልኩ። አንዴ ከጀመርኩ እንደማላቆም ስለማውቅ ፈራሁ። ወንድሜ ሞቶ እኔ አንሶላ አጥፋለሁ። በዚያ የተነሳ በሰው ሁሉ ላይ ተናደድኩ፤ በአሳንሰሩ፣ በፎጣው፣ ፈገግ ብለው በሚያልፉኝ እንግዶች።

ቤት ስገባ ደግሞ የሚጠብቀኝ የሱ ድምፅ ነው። እትዬ ከሆስፒታል ወጥታ፣ መናገር ስለሚከብዳት ቀኑን ሙሉ ሶፋው ላይ ተጋድማ የመጨረሻውን ካሴት ትሰማለች። በሩን ስከፍት ያ ልጅ ሳሎናችን ውስጥ እየሳቀ፣ እያሳለ ያወራል። «ሱሪውን አደራ» ይላል። ከንግግሩ ጀርባ የሚነፍስ፣ የሚመጣና የሚሄድ ድምፅ አለ። በፊት የቴፑ ብልሽት ይመስለኝ ነበር። መርዶውን ከሰማሁ በኋላ ነው ምን እንደሆነ የገባኝ። ካሴቱን የቀዳው ባሕር ዳር ተቀምጦ ነው። እሱ ትንፋሽ ሊወስድ ዝም ባለ ቁጥር ባሕሩ ይቀጥላል። ካሴቱ አልቆ ቀጭ ብሎ እስኪቆም ድረስ ያ ድምፅ ነው የሚቀረው።

እኔም ብልጥ ነኝ ብዬ አንድ ነገር አደረግኩ። ያን ጂንስ ገዛሁለት። ፈዘዝ ያለ ሰማያዊ፣ ከታች የማይሰፋ። በሰላም እንዳለ፣ ልንልክለት እንደሆነ እትዬ እንድታምን ነው። ቤት አምጥቼ ወንበር ላይ ዘረጋሁት። «ምስኪን፣ ደስ ይበለው» አልኩ። እትዬ ሱሪውን አየችው፣ ከዚያ እኔን አየችኝ፣ ከዚያ ወደ ቴሌቪዥኑ ዞረች። ሱሪው ከዚያ ወንበር ላይ አልተነሳም። እኔ ማንሳት አቃተኝ፤ እሷም አላነሳችውም። ማታ ማታ ከኩሽና ስወጣ እግሮቹ ወደ መሬት ተንጠልጥለው፣ ሰው ከወገቡ በላይ የጠፋ መስሎ ይታየኛል።

በዚያው መኸር ነው ማዕበል የጆርጂያን ባሕር ዳር የመታው። አትላንታ ከባሕር ሩቅ ናት፤ ለኛ የደረሰን ዝናብና የወደቁ የጥድ ቅርንጫፎች ብቻ ናቸው። ቴሌቪዥኑ ግን ሳቫና አጠገብ ያለችውን ደሴት ያሳያል። ጣሪያ የለቀቁ ቤቶች፣ የተገነደሱ ዛፎች፣ ቀጥሎ የባሕሩ ዳርቻ። አሸዋው ላይ ከጫፍ እስከ ጫፍ ባሕር የተፋቸው ፍጥረቶች ተከምረዋል። ዜና አንባቢው ስማቸውን ይዘረዝራል፤ ግማሹን አላውቀውም። እትዬ ከሶፋው ተነስታ ስክሪኑ ፊት በጉልበቷ ተቀመጠች። ዜናው ወደ ስፖርት ካለፈ በኋላም አልተነሳችም።

«ውሰጂኝ» አለችኝ።

«የት?»

ጣቷን ስክሪኑ ላይ አደረገች። ስክሪኑ ላይ ያኔ ኳስ የሚጫወቱ ሰዎች ናቸው ያሉት።

እምቢ አልኩ። ስፌትሽ፣ ብርዱ፣ ሥራዬ አልኩ። እትዬ በነጋታው ምግብ አልበላችም፣ በማግስቱም። በመጨረሻ ጋሼ ዘንድ ሄጄ አበድኩ አልኳቸው።

«አየር መቀየር ነው፤ ምን ክፋት አለው? ሰኞ ኦፍ ነኝ። እኔ ድራይቭ አደርጋለሁ፣ አንቺ ከኋላ ከሷ ጋር ቁጭ በይ።»

«ጋሼ፣ ባሕር እኮ ነው። እርስዎ እያወቁ።»

«እሷ አታውቅም፤ ለሷ ባሕር ብቻ ነው» አሉኝ።

መንገዱ ቀጥ ያለ ነው፣ ግራና ቀኙ ጥድ። ወደ ባሕሩ ስንቀርብ ጥዱ አንድ በአንድ ወደ አንድ ወገን ጋደለ፣ ከዚያ ሁሉም ተኝቶ አየነው። መስኮቱን ሳንከፍት ሽታው ገባ፤ የጨው፣ የጭቃና የበሰበሰ ሥጋ ሽታ። የደሴቲቱ ከተማ ውስጥ ሰው አይታይም። የሱቆቹ መስኮቶች ላይ ጣውላ ተመቷል። ክፍት ያገኘነው አንድ ሞቴል ብቻ ነው፤ ምንጣፉ ረጥቧል፣ መታጠቢያው ውስጥ አሸዋ ገብቷል። ቁልፍ የሰጠን ሰውዬ ባዶ እግራችሁን ባሕሩ ዳር እንዳትሄዱ፣ ተኝቶ የሚመስለው ሁሉ የሞተ አይደለም አለን። ጋሼ የራሳቸውን ክፍል ያዙ፣ እኔና እትዬ አንድ ክፍል። እራት በልተን እንደተጋደምን እንቅልፍ ጣለኝ።

ስነቃ መስኮቱ ግራጫ ሆኗል፤ የእትዬ አልጋ ባዶ ነው። ነጠላዋም የለም።

ጫማዬን በግማሽ አድርጌ ወጣሁ። ከሞቴሉ ጀርባ ያለውን የአሸዋ ጉብታ ስሻገር መጀመሪያ ያየሁት ወፎቹን ነው። በመቶ የሚገመቱ ነጭና ግራጫ የባሕር ወፎች በረድፍ ቆመዋል፣ ጀርባቸውን ለባሕሩ ሰጥተው፣ ሁሉም ፊታቸውን ወደኔ አዙረው። አንድም የሚጮህ የለም። ነፋሱ ከየብስ ስለሚነፍስ ወደዚያ መዞራቸው እንደሆነ ዛሬ አውቃለሁ። ያን ጊዜ ግን ጉብታው ላይ ቆሜ ቀረሁ። በማለዳ ተሰብስቦ ዝም ብሎ የሚቆም ምን እንደሆነ የኛ አገር ሰው ሁሉ ያውቃል።

ከወፎቹ ወዲያ ማዕበሉ የከመረው የደረቀ ሣርና ሸምበቆ በዳርቻው ሁሉ ተዘርግቷል፣ በላዩም ፍጥረቶቹ። የፈረስ ኮቴ የሚመስል ድፍን ቅርፊት ያላቸው፣ ጅራታቸው ወስፌ የሚያክል፣ በጀርባቸው ተገልብጠው ብዙ እግራቸውን ወደ ሰማይ ያንቀሳቅሳሉ። ቀስ ብለው ነው የሚያንቀሳቅሱት፣ ሁሉም። እግሮቹ ሲነካኩ ቅርጭ ቅርጭ ይላሉ፤ በዚያ ፀጥታ ውስጥ የሚሰማው ይኸው ነው። የተደፋ ሳህን የሚያክሉ፣ ውስጣቸው የሚታይ ጄሊፊሾች አሉ። አከርካሪ መስሎ የተደረደረ ረጅም ነገር አለ፤ በኋላ የቀንድ አውጣ እንቁላል ነው አሉኝ። ባለ አምስት ጣት የባሕር ኮከብ አንዱን ጣት አንስቶ እዚያው አየር ላይ ይዞታል። የት እንደምረግጥ ጠፋኝ።

እትዬ መሀላቸው ነበረች። ጎንበስ ብላ እያንዳንዱን ታያለች፣ ሸምበቆውን በእጇ ገለጥ እያደረገች ከሥሩ ታያለች፣ ወደሚቀጥለው ታልፋለች። ሰው ፈልጎ አስከሬን ክፍል የገባ ሰው ነው እንደዚያ የሚያይ። ጠራኋት፤ አልዞረችም።

ከሷ እልፍ ብሎ አንዲት አሮጊት ነጭ ሴት የዝናብ ቦት ጫማ አድርጋ፣ ባልዲ ይዛ ባዶ ዛጎል ትለቅማለች። ደህና አደራችሁ አለችን፤ ማዕበል በመጣ ቁጥር እንደምትወጣ፣ የዘንድሮው ግን በዕድሜዋ ያላየችው እንደሆነ ነገረችን። እትዬ እንግሊዝኛ እምብዛም አትሰማም። ክንዴን ያዘችኝ፤ እጇ እርጥብና ቀዝቃዛ ነበር።

«ጠይቂልኝ። እነዚህ ከየት ነው የመጡት?»

ጠየቅኩላት። «ከታች ነው» አለች ሴትየዋ። «እንዲህ ያለ ማዕበል እስከ ባሕሩ ወለል ድረስ ይቆፍራል። አሸዋ ውስጥ ተቀብረው የሚኖሩትን ነው ነቅሎ ያወጣቸው።» ይህን ለእትዬ ተረጎምኩ።

«ጠይቂልኝ። ከታች ያለ ሁሉ ይወጣል?»

«እትዬ፣ ብርድ ነው፣ አንገትሽን ይመታሻል፣ እንሂድ።»

«ጠይቂልኝ» አለችኝ።

ጠየቅኩ። ሴትየዋ ፈገግ ብላ ራሷን ነቀነቀች። «የለም፣ የኔ ቆንጆ። የሚወጣው ጥቂቱ ነው። የቀረው እዚያው ይቀራል፣ ማንም ሳያየው።»

አትላንታ ከገባን ጀምሮ የእትዬ ጆሮ እኔ ነኝ። ሐኪሙን፣ አከራዩን፣ የባንኩን ሰው ሁሉ የተረጎምኩላት እኔ ነኝ። ሁሉም ይወጣል አለች ብላት እንዴት ታውቃለች? ልላት አፌን ከፍቼም ነበር። ከዚያ ከእግሬ ሥር የፍጥረቶቹን እግር ቅርጭታ ሰማሁ፤ እትዬ ሸምበቆውን እየገለጠች እስከ ማታ፣ ከዚያም በኋላ ዕድሜዋን ሙሉ ስትፈልግ ታየችኝ።

«ሁሉም አይወጣም አለች» አልኳት። «የሚቀር አለ።»

እትዬ ክንዴን ለቀቀችው። «እሺ» አለች። «አሁን ነገርሽኝ።»

«ምኑን?»

«ወንድምሽን።»

ከመቼ ጀምሮ ነው ያወቅሽው አልኳት።

«ያን ሱሪ ገዝተሽ የመጣሽ ቀን። ምስኪን አልሽው። አንቺ እሱን ምስኪን ብለሽ ታውቂያለሽ? ስድብሽ ጠፋ፣ እኔ ጆሮዬን ጥዬ ስድብሽን እጠብቃለሁ። ሰው በሕይወት ላለ ወንድሙ እንደዚያ ደግ አይሆንም። ከካሴቱ ጀርባ ደግሞ ባሕሩ ነበር፤ የት እንደቀረ ከዚያ ሰማሁ።» ትንፋሽ ወሰደች፤ ይህን ያህል ስትናገር ያማታል። «ትነግሩኛላችሁ ብዬ ጠበቅኩ። ሳይነግሩኝ እንዴት ላልቅስ? ምናልባት በሕይወት ካለ ሟርት ይሆንብኛል። በየማለዳው በሩን አያለሁ፤ አትመጡም።»

ነጠላዋን አውልቃ አራገፈችው፣ ጥለቱን ወደ ላይ አዙራ እንደ ኀዘንተኛ ለበሰችው። ከዚያ ወደ ባሕሩ ዞራ አፏን ከፈተች። ደረቷን ደቃች። የአንገቷ ጅማት ሁሉ ተገትሯል፣ ያ ጠባሳ ቀልቷል፣ አፏ እስከ መጨረሻው ተከፍቷል፤ አንዳች ድምፅ አልወጣም። በሕይወቴ እንደዚያ ያስፈራኝ ነገር የለም። አሮጊቷ ባልዲዋን አሸዋው ላይ አስቀመጠች።

እትዬ ዞራ አየችኝ። «እኔ አልሆነልኝም። አንቺ አልቅሺለት።»

«ምን ብዬ?»

«እንደ ድሮሽ።»

ያን ሁሉ ሳምንት ነክሼ የያዝኩትን ለቀቅኩት። «አንተ ዱርዬ» አልኩ። «አንተ ለማኝ፣ አንተ ዕረፍት የለሽ፣ ትንሽ ብትጠብቅ ምን ነበረበት? ሰማያዊ አልክ፣ ሰማያዊ ገዛሁልህ፤ ፈዘዝ ያለ አልክ፣ ፈዘዝ ያለ ገዛሁልህ፤ ማን ይልበሰው አሁን? ማን እግሩን ያስገባበት?» ድምፄ የኔ አልመስል አለኝ። ወፎቹ በአንድ ጊዜ ተነሱ፣ ከራሳችን በላይ ዞሩ። ጋሼ ከሞቴሉ እየሮጡ ጉብታው ላይ ደርሰው ነበር፤ የእትዬን ነጠላ ሲያዩ ቆሙ፣ ባርኔጣቸውን አወለቁና እዚያው ቁጭ አሉ። አሮጊቷ ለፍጥረቶቹ የማለቅስ መስሏት «አይዞሽ፣ አንዳንዶቹ ይተርፋሉ» ትለኛለች።

እስኪደክመኝ ሰደብኩት። ድምፄ ተሰንጥቆ ሲያልቅ እትዬ ተጠግታ አፏን ጆሮዬ ላይ አደረገች።

«ድገሚው» አለችኝ።